አንደኛው ትራክ የእታለም ነው

ኻርቱም፣ ሳጃና
ጥቅምት 8 ቀን 1995

ይድረስ ለእታለም ዘኪያ፣ ሐይቅ ዳር ተወልዳ ዓሣ ለምትጸየፈው፤

ሰላምታዬ ከዚህ ሲነሳ ግመል ያህል ነበር። መተማ ላይ ፈታሾች ቆርሰውት ፍየል አክሎ ከደረሰሽ በእኔ አትፍረጂ። እኔ ደህና ነኝ። ኻርቱምም አቧራዋን ለብሳ ደህና ናት። እዚህ በፈረንጅ 2002 ነው፤ አንቺ ድንበሩን ስትሻገሪ ግን ዓመታት ተቀንሰውልሽ ልጅ ሆነሻል። ስለዚህ አሁንም እታለም ብዬ መጥራቴን እንደ ውለታ ቁጠሪልኝ።

ደብዳቤሽን ያ ከጎንደር በርበሬ እያመላለሰ የሚነግደው ጸጋዬ አምጥቶልኛል። ከፍተሻ ሊያድነው ብሎ ጫማው ውስጥ ስለደበቀው መጀመሪያ ገመድ ላይ አሰጣሁት፣ ከዚያ አነበብኩት።

የጠየቅሽኝን በተራ ልመልስ። አዎ፣ እበላለሁ። አይ፣ አላገባሁም፤ ልጁን የሚጠላ አባት እስካሁን አልተገኘም። አዎ፣ ሚልዮን ሱቅ ውስጥ ካሴት ስገለብጥ እውላለሁ፤ አለቃዬ ሚልዮን አሁንም ጥርሱን ለማንም አያሳይም። ሴቶቹ ረስተውኛል ወይ ላልሽው፣ ጁምዓ ለት ማዮ ሰፈር ረሺዳ ቤት እንደተለመደው ሲሰበሰቡ ሄጄ ደብዳቤሽን አነበብኩላቸው። ወንድምሽ ሙሄዲን «ሴት ከመቼ ወዲህ ነው መንዙማ የምታወርደው?» ያለሽ ጋ ስደርስ ረሺዳ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። አንቺ ስታወርጂ ከጎረቤቶችሽ አንድም ተቀባይ አፉን አልከፈተም የሚለው ጋ ስደርስ ሀጀራ ተነስታ ወጣች።

«ሳምንቱን ሙሉ የሰው ቤት ጠርገን፣ ጁምዓ ጁምዓ ሰው የምታደርገን እሷ ነበረች» አለች ረሺዳ።

ዝምታ እንደማይስማማኝ ታውቂያለሽ። «በቃ ሀጀራ ታውርድ፤ ድምጿ እንደ ረክሻ ሞተር ነው» አልኩ። ጫማ ተወረወረብኝ። ስለዚህ አልረሱሽም።

ስለ አንገትሽ የጻፍሽውን ግን አላነበብኩላቸውም። እንቅርትሽን የማውቀው ሎሚ አክሎ ነው፤ አሁን ብርቱካን ሆነ አልሽ። እንግዲህ አትክልት ቤት ክፈቺ። የደሴው ሐኪም «ካልተቀደደ አየር ይዘጋብሻል፣ ከተቀደደ ድምፅሽ ላይመለስ ይችላል» ያለሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ትምህርቴን ሰባተኛ ክፍል ላይ ስላቋረጥኩ ያልገባኝ መስሎኝ ነበር። ገብቶኛል። ቀጠሮው ከመድረሱ በፊት አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ የራሴን መንዙማ ከነተቀባዩ አውርጄ ይቀረጽ፤ ከዚያ ድምፄ የትም ይሂድ ብለሻል። ብቻሽን ለምን አትቀጂውም አልልሽም። ከመሄድሽ በፊት ሱቁ ውስጥ ማይክ ፊት አስቀምጬሽ አይቻለሁ። «ተቀባይ በሌለበት ጉሮሮዬ አይከፈትም» ብለሽ እንደ ሙሽራ አቀርቅረሽ ወጣሽ።

ለእሱ መላ አለኝ። ሚልዮን ከዱባይ አንድ ማሽን አስመጥቷል። ስፋቱ እንደ ዳማ መጫወቻ ነው፤ በባትሪ ስለሚሠራ ከህረባ፣ መብራት ማለቴ ነው፣ ጠፋ አልጠፋ ጉዳዩ አይደለም። ስምንት ትራክ አለው። ትራክ ማለት ስምንት ክፍል ያለው ቤት እንደማለት ነው፤ በየክፍሉ አንድ አንድ ሰው ታስገቢና በሩን ትዘጊያለሽ። አንዷ ዛሬ ትገባለች፣ ሌላዋ በሳምንቱ፤ በመጨረሻ በሮቹን ሁሉ አንድ ላይ ስትከፍቺ አብረው ተሰልፈው የቆሙ ይመስላሉ። ተቀባዮችሽን በየሚሠሩበት ቤት እየዞርኩ እቀዳለሁ። የሚቀበሉትን ቀድቼ፣ የአንቺን ቦታ ባዶ ትቼ፣ ወደ ካሴት ገልብጬ እልክልሻለሁ። አንቺ ሁለት ቴፕ ተዋሺ፤ በአንዱ ሴቶቹን እያጫወትሽ በሌላው ራስሽን ትቀጂና መልሰሽ ትልኪያለሽ። ባትሪ እንዳትቆጥቢ። ባትሪ ሲደክም ሴቶቹ የወንድ ድምፅ ያወጣሉ፣ ያን ጊዜ ደስ የሚለው ሙሄዲን ብቻ ነው።

አንደኛው ትራክ ያንቺ ነው። ማንም አይገባበትም።

ወንድምሽ ጂብሪል፣ ጫማ የተወረወረበት


ኻርቱም፣ ሳጃና
ኅዳር 21 ቀን 1995

ለእታለም ዘኪያ፣ ጥያቄዋ እንደ ጉምሩክ ለማያልቅ፤

ጾሙ እንዴት ይዞሻል? እዚህ ረመዳን በሙቀት መጥቶ ምራቅ ዋጥን አልዋጥን እየተጣላን ነው። ዱዓሽ ደርሶኛል፤ ግማሹን ለራሴ አስቀርቼ ግማሹን አከፋፍያለሁ።

ሴቶቹ መቼ እንደሚቀበሉ በምን ያውቃሉ ላልሽው፣ አትደንግጪ፣ እኔ ነኝ ያወረድኩላቸው። ለመንገድ መሪነት ብቻ ነው። የእኔን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ ይሰሙታል፣ ማይኩ አይሰማውም፤ ሥራው ሲያልቅ እደመስሰዋለሁ። ቃሌን አታበላሽብኝ ብለሽ ስለጻፍሽ በጨዋ ደንብ ጀመርኩት፤

የሰው ቤት ጠራጊ፣ የሰው ልጅ አሳዳጊ፣
ያ ረቢ አትለፈኝ፣ ቆሜያለሁ ከደጅህ ራህመትህን ፈላጊ።

እዚህ ድረስ መልአክ ነበርኩ። ሀጀራን ከቀዳሁ በኋላ ግን ሰይጣን ገፋኝና ለቀሩት ሴቶች ሦስተኛው ስንኝ ላይ «የፍሪጅ ጠጋኙን ሀጢአት ይቅር በል» ብዬ ጨመርኩ። ምክንያት አለኝ፤ ስሚ።

ሀጀራ ወንዙ ማዶ፣ ባሕሪ፣ ከፋብሪካዎቹ ጀርባ እንደምትሠራ ታውቂያለሽ። እመቤቷ አስር ላይ ትተኛለች ስላለችኝ በጓሮ ገባሁ። ኩሽና መሬት ላይ ተቀምጠን፣ ሀጀራ ማዳመጫውን በሻሽዋ ላይ ደርባ፣ ዓይኗን ጨፍና «ሶሉ ዐለ ነቢ» ስትል ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆማለች።

«ይሄ ማነው?»

«ሲቲ፣ እመቤቴ፣ ፍሪጅ ሠሪ ነው» አለች ሀጀራ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ፍሪጁ መቼ ተበላሸ?»

«ሳይበላሽ ሲታይ ነው ዕድሜ የሚያገኘው» አልኳት በዓረብኛ። ማይኩን የፍሪጁ ጀርባ ላይ ለጥፌ በማዳመጫው አዳመጥኩ፣ እንደ ሐኪም አንገቴን ነቀነቅኩ፣ «ልቡ ደህና ነው» አልኩ። ሴትዮዋ አምና ለማፍጠሪያ ተምር ቋጠረችልኝ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ማጠቢያ ማሽኑን እንድፈትሽላት ቀጠረችኝ። ሀጀራ እስክወጣ ድረስ ከንፈሯን ነክሳ፣ በር ላይ «ሞትህን ያሳየኝ» ብላ ሸኘችኝ። ትራኳ ላይ የፍሪጁ ጉርምርምታ አለ። ወንድ ተቀባይ ነው ብለሽ እለፊው።

ክርስቲያኗን ማን አስገባት ላልሽውም መልስ አለኝ፤ ጸጋዬ ሆዱ ውስጥ ወሬ አያድርም። ይመኙሻል ራሷ ናት የገባችው። እዚሁ ሳጃና ሻይ ቤት ዕቃ ስታጥብ ማሽኑን ይዤ ሳልፍ «ምንድነው?» አለች። ነገርኳት። «ዘኪያ ታምሜ ሳለሁ አስታማኛለች፤ ስለ እሷ ከሆነ እኔም እቀበላለሁ» አለች። ሃይማኖትሽስ ብላት «አንተን የሰማ አምላክ እኔን አይጠየፈኝም» አለችኝ። መልስ ካለሽ ለራሷ ጻፊላት።

ሁሉንም እያስጨበጨብኩ ነው የቀዳኋቸው፤ ያለ ጭብጨባ መንዙማ ምን ያደርጋል። ረሺዳን ወደ ቀኝ፣ ሀጀራን ወደ ግራ፣ ይመኙሻልን ራቅ አድርጌ ከኋላ አቆምኳቸው፤ የቀሩትን መሃል ሞላሁባቸው። ማሽኑ ማስተጋቢያ ቁልፍ አለው፤ እሱን ጥቂት ስከፍተው ኩሽናው ሁሉ አዳራሽ ሆነ። ሚልዮን ሰምቶ «እነዚህ ሁሉ የት ተሰበሰቡ?» አለኝ። የትም አልኩት። ጥርሱን ሊያሳየኝ ምንም አልቀረውም ነበር።

የመራሁበትን ድምፄን ደምስሼ፣ ያንቺን ባዶ ትቼ፣ ካሴቱን ለጸጋዬ ሰጥቻለሁ። ቀጠሮሽ ሚያዝያ መጨረሻ ከሆነ ጊዜ አለን። ያላ፣ በርቺ።

ጂብሪል፣ የፍሪጆች ሐኪም


ሐይቅ
ጥር 4 ቀን 1995

ለጂብሪል፣ ለዚያ ወስላታ፤

ዒድ ሙባረክ ሳልልህ ዒዱ አለፈ፤ አውፍ በለኝ። ካሴቱ ደርሶኛል። ሁለት ቴፕ ተውሼ ጎተራ ውስጥ ገባሁ፤ እህሉ ድምፅ ስለሚይዝ ሙሄዲን አይሰማም። ሴቶቹን ስሰማ ምን እንደሆንኩ አልጽፍልህም፣ ታላግጥበታለህ።

ግን ምን አድርገሃቸው ነው? ይቀድሙኛል። ገና «ቆሜያለሁ ከደጅህ» ስል ረሺዳ አፌ ላይ ትመጣለች። ደግሜ ጀመርኩ፣ ደግማ መጣች። ረሺዳ እንዲህ ያለች ሴት አልነበረችም። አውራጅ ስንኙን ሳይጨርስ ተቀባይ አይገባም፤ ይሄ ነውር ነው፣ ልጅ እንኳ ያውቀዋል። በራሴ ሴቶች አፌን ተዘጋሁ። ከሙሄዲን እነሱ ባሱ።

ማሽኑ የተበላሸ ነው፤ ለሚልዮን ንገረው። እኔ ደህና ነኝ። አንገቴም ደህና ነው። ይመኙሻልን ሳምልኝ፤ አይ፣ አትሳማት፣ ሰላም በላት።

ዘኪያ


ኻርቱም፣ ሳጃና
ጥር 28 ቀን 1995

ለእታለም ዘኪያ፤

ሰላምታው ይቆየን። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ሳቅኩ። ለሴቶቹም «እታለም ከማሽን ጋር ተጣልታለች፣ ሽማግሌ እንላክ» አልኳቸው። ረሺዳ ግን አልሳቀችም። «እኔ በእሷ ላይ? በሕይወቴ ገብቼባት አላውቅም» ብላ እያነባች ሄደች። ከዚያ ወዲያ ነው ማሽኑን ይዤ ሱቁ ጀርባ የተቀመጥኩት።

ማሽኑ አልተበላሸም፤ በእኔ ትንፋሽ ነው የለካሁት። እኔ አወረድኩ፣ ስንኜ ሲያልቅ ሴቶቹ ገቡ፤ ስለዚህ የተውኩልሽ ባዶ ቦታ የእኔ ሳንባ ልክ ነው። ይሄ ጥፋት አልመሰለኝም ነበር፣ ምክንያቱም እዚህ ሳለሽ በትንፋሽ አንቺ ነበርሽ የምትበልጪኝ። እኔ ሁለት ጊዜ ስስብ አንቺ አንዴ ስበሽ ትጨርሺ ነበር። አሁን የእኔ ልክ ካነሰሽ መሃል ላይ እያረፍሽ ነው ማለት ነው። አይደለም ካልሽ ጻፊልኝ። ደህና ነኝ የምትለዋን ቃል ግን ድጋሚ እንዳታሳይኝ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሲባል ሰምቼ ነበር፤ በእንቅርት ላይ ውሸት ግን አሁን ገና ማየቴ ነው።

ቦታውን ላሰፋው ሞክሬያለሁ። ሴቶቹን ቆርጬ ወዲያ ወዲያ ገፋኋቸው። ድምፃቸው ተገፋ፤ ጭብጨባው ግን አብሯቸው ስለተቀዳ በተቆረጠው ቦታ ሁሉ ተሰናከለ። የሚያነክስ የበግ መንጋ ሆነ። እየዘፈናችሁ አጨብጭቡ ያልኳቸው እኔ ነኝ፣ ሰባተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ሊቅ። ስለዚህ ሁሉንም እንደገና መቅዳት አለብኝ።

አሁን አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ድምፅ አላስቸግርሽም። ጎተራሽ ግቢ፣ አፍሽን ዝጊ፣ በልብሽ አውርጂ። ማረፍ ባለብሽ ቦታ እረፊ፣ አትሽቀዳደሚ። ስንኙ በልብሽ ሲያልቅ አንድ ጊዜ አጨብጭቢ። ከዚያ ሴቶቹ የሚቀበሉትንም በልብሽ ስሚና ወደሚቀጥለው እለፊ። ጭብጨባውን ብቻ በቴፕ ቀድተሽ ላኪልኝ። ለዚህ ተቀባይ አያስፈልግሽም። ሙሄዲን ቢሰማም ትንኝ እየገደልሽ ይመስለዋል። እኔ ያንን ለሴቶቹ አሰማቸውና በአንቺ እጅ ይገባሉ። ከዚያ በኋላ የተውኩልሽ ቦታ ያንቺ ልክ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ድምፅሽን ትጨምሪበታለሽ።

ጂብሪል


ኻርቱም፣ ሳጃና
መጋቢት 17 ቀን 1995

ለእታለም ዘኪያ፣ ለእጅዋ፤

ካሴቱ ደርሷል። ጸጋዬ በዚህኛው ጊዜ በርበሬ ውስጥ ስለቀበረው ቴፑን ስከፍተው አስነጠሰኝ።

ሁሉም አሉ ወይ ብለሻል። አየሩ ሞቋል። አባይ ጎድሏል። ይመኙሻል ሻይ ቤቱን ቀይራ ሁለት ቤት ወዲህ መጥታለች። ሀጀራ ከባሕሪ ሆና እጅ ትነሳለች፤ እመቤቷ ምድጃውንም እንድፈትሽላት ትፈልገኛለች። ከሌሎቹ እዚህ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ አንዷ ጅዳ ሄዳለች፣ አንዷ የት እንደሄደች አልተናገረችም፣ ሁለቱ ግን አሉ። ሰላም ይሉሻል።

ማዮን ለምን ዘለልከው እንደምትይ አውቃለሁ።

ማዮ ላይ ከሻ፣ አፈሳ፣ ወጡ። ፖሊሶቹ መኪና ደርድረው ኢቃማ፣ የመኖሪያ ወረቀት፣ የሌለውን ሁሉ እየጫኑ ሄዱ። ረሺዳ ውኃ ልትቀዳ ወጥታ ነበር አሉ። ጀሪካኑ በር ላይ ቆሟል። ጠይቄ አስጠይቄ የሰማሁት ወደ ድንበር ላኳት የሚል ነው፤ የትኛው ድንበር እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ቤቷ ውስጥ አሁን ሌሎች ሰዎች አሉ፤ ጁምዓም ቦታ የለንም። ጸጋዬን በገዳሪፍም በመተማም እንዲፈልጋት ነግሬዋለሁ። እንዳልነግርሽ አስቤ ነበር፤ ግን ደብዳቤሽ ላይ ስሟን ሁለት ቦታ ጽፈሽዋል።

የድሮ ድምጿ ማሽኑ ውስጥ አለ። ከአንቺ እጅ ጋር ላስማማው ሞከርኩ፣ እምቢ አለ፤ አሁንም ትቀድምሻለች፤ የቀዳኋት በእኔ ልክ ነዋ። ማሽኑ ድምፅ የሚያስቀምጥበት ካርድ ጠቧል፣ የድሮውንም አዲሱንም አይዝም። እሷን መደምሰስ አለብኝ። ፈቃድሽን ብጠይቅ መልስሽ እስኪመጣ ቀጠሮሽ ይደርሳል። ስለዚህ አልጠየቅሁሽም። ብቻ ቁልፉን ከመጫኔ በፊት አንድ ጊዜ ለብቻዋ፣ ያለ ማንም፣ ሰማኋት። አልቀደመችሽም ነበር እታለም። እኔን ነበር የምትከተለው።

አሁን ስለ ካሴትሽ። ሥራውን በደንብ ሠርተሻል። የመጀመሪያው ጭብጨባሽ ቶሎ መጣ። ሁለተኛው ቆይቶ። ከዚያ ወዲያ እየራቀ፣ እየራቀ ነው የሚሄደው። መሃል ላይ ስትተነፍሺ ይሰማል፤ በር ሥር የሚገባ ንፋስ መስሎኝ ነበር። ልቀልድ አስቤ ብዕር አንስቼ አስቀመጥኩ፣ ይሄም ይመዝገብልኝ። ቀጥሎ ደግሞ ጭብጨባው ይቆማል። ካሴቱ ይዞራል፣ ዶሮ ይጮኻል፣ አንቺ አለሽ፣ እጅሽ ግን የለም። እስኪያልቅ እንደዚያው ነው። ምን ሆነሽ ነው? ሙሄዲን ገባብሽ?

ጻፊልኝ።

ጂብሪል


ኻርቱም፣ ሳጃና
ሚያዝያ 20 ቀን 1995

ለእታለም ዘኪያ፤

ጸጋዬ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው፣ መኪናው ተነስቷል እያለ ይዋሻል። ቀጠሮው ተስቦ በአሥር ቀን ቀደመ ያልሽውን ዛሬ ነው ያነበብኩት። አዲሱን ካሴት ይዞልሻል። አራቱም በአንቺ እጅ ነው የገቡት። ቦታሽ ሰፊ ነው፣ እንደ ኡምዱርማን ገበያ፤ እያረፍሽ፣ እየተቀመጥሽ፣ ብትፈልጊ ሻይ እየጠጣሽ አውርጂ። ከሐኪሙ በፊት ከደረሰልሽ አንዴ ብቻ ግቢበት። መልካም ባይወጣም ላኪው። የቱንም ያህል ቢሻክር አለሰልሰዋለሁ፣ ቁልፉ ብዙ ነው።

ያቺን የጠየቅሁሽን አልመለስሽልኝም። ጭብጨባው ለምን ቆመ?

ጂብሪል


ሐይቅ
ሰኔ 3 ቀን 1995

ለወንድሜ ጂብሪል፤

እንደምን ከረምክ። ካሴትህን ጸጋዬ ደሴ ሆስፒታል ድረስ አመጣልኝ። ከተቀደድኩ በኋላ ነበር። አልጋዬ አጠገብ ካሴት ማጫወቻ ስላልነበረ ይዤው ተኛሁ።

ብርቱካኑ ወጥቷል። መተንፈስ ተመልሶልኛል፤ አሁን ስንኙን አንዴ ስቤ እጨርሰው ነበር። የሚወጣው ግን ሹክሹክታ ነው። ሐኪሙ ጠብቂ አለኝ። ጠብቄ ዝናብ ገባ። ሙሄዲን አሁን ይራራልኛል፤ ይሄ ነው የማይቻለው።

ብዙ ጊዜ ጠይቀኸኛል፣ ልመልስልህ። ማንም አልገባብኝም። ያኔ ጭብጨባው ከቆመ በኋላ ያለው ስንኝ ረጅም ነው፣ ታውቀዋለህ። በልቤ ጀመርኩት፤ አላለቀም። ሳያልቅ አላጨበጭብም።

ሴቶቹ እንዳይደክሙ በከንቱ። አንተ አውርድላቸው። ድምፅህ እንደ ምግባርህ አይደለም፣ ደህና ነው። መንዙማው ይኑር፣ በማንም አፍ ይሁን። ረሺዳን የሰማ አለ?

ዘኪያ


ኻርቱም፣ ሳጃና
ሐምሌ 6 ቀን 1995

ለእታለም ዘኪያ፤

ረሺዳን የሰማ የለም። ይሄን አስቀድሜ ልጨርሰው።

ያዘዝሽኝን አደረግሁ። ሚልዮን ማሽኑን ለሌላ ሥራ ስለሚፈልገው ካርዱ መጽዳት አለበት ብሎኝ ነበርና፣ ሱቁን ዘግቼ አንደኛው ትራክ ላይ ራሴ ገባሁ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አወረድኩት፤ ያን ረጅሙን ስንኝም ጨምሬ። አልቀለድኩም። ፍሪጅም አልጠራሁም። ከሴቶቹ ጋር አቀላቅዬ ለሚልዮን አሰማሁት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማና ጥርሱን አሳየኝ፤ አንዱ ወርቅ ነው ለካ። «ይሄ ይሸጣል» አለ። ሱቅ የገቡ ሰዎችም ቆመው ሰሙት፣ የማን ነው አሉ፣ የእኔ መሰላቸው። አንድም ሰው አውራጅዋ የት ናት ብሎ አልጠየቀም። ጥሩ ስለነበረ ነው ያልጠየቁት። ከዚህ የከፋ ነገር ሠርቼ አላውቅም።

ደመሰስኩት። ሚልዮን ጥርሱን መልሶ ደበቀ።

አንደኛው ትራክ ላይ የላክሽልኝን እጅ አስገባሁበት፤ ትንፋሹንም፣ ዶሮውንም። አሁን ካሴቱ ሲጀምር ምንም የለም። ከዚያ ያንቺ ጭብጨባ፤ ከዚያ አራቱ ሴቶች። እንደገና ምንም የለም፤ ጭብጨባ፤ ሴቶቹ። ለሚልዮን ሳሰማው «ምንድነው፣ በር ይንኳኳል?» አለኝ። ማንም አይገዛውም። ሁለት ብቻ ነው የገለበጥኩት፣ አንዱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው፤ ካርዱ ዛሬ ይጸዳል።

ካሴቱን ከመክፈትሽ በፊት ግን አንድ ነገር እወቂ። ሴቶቹን እንደገና ስቀዳ የሰጠኋቸው ትእዛዝ አንድ ነበር፤ የእታለምን እጅ ሳትሰሙ አፋችሁን እንዳትከፍቱ። እጅሽ እንደሚቆም አልነገርኳቸውም። መጀመሪያ ለሳቅ ብዬ ነው፤ ሀጀራ ማዳመጫውን ደርባ ስትጠብቅ፣ ስትጠብቅ፣ ፊቷ ምን እንደሚሆን ለማየት። ባሕሪ ኩሽና ውስጥ ሁለት እጇን አንስታ ጠበቀች። እመቤቷ ከውስጥ ተጣራች፤ አልመለሰችም። ማጨብጨቢያ እጇን ሳታወርድ ካሴቱ አለቀ። «ቆየች እኮ» አለች። ለመሳቅ የሄድኩት ሰውዬ ማሽኑን ለማጥፋት እንኳ ጊዜ ወሰደብኝ።

ለሌሎቹም ሳልነግራቸው ቀረሁ፤ አሁን ለሳቅ አይደለም። ይመኙሻል በሳሙና እጇ ጠበቀች፤ ሳሙናው ሲረግፍ ይሰማል። ሌሎቹ ሁለቱም እንደዚያው በየቤታቸው። አንዷም አልጠየቀችኝም፣ አንዷም አልገባችም።

ሚልዮን «መጨረሻው ላይ ያለውን ዝምታ ቁረጠው፣ ካሴት ይበላል» ብሎኝ ነበር። አልቆረጥኩም። ስንኙ አላለቀም ብለሽኛል። ድምፁን ከፍ አድርገሽ ስሚው፤ ትንፋሻቸው በግራም በቀኝም አለ፣ የሀጀራ ፍሪጅም አለ፣ አራቱም ያንቺን እጅ እየጠበቁ ናቸው፣ ካሴቱ እስኪያልቅ ድረስ። ማንም አልቀደመሽም።

ጂብሪል